የአበልጅ ጠርሙስ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው አገር፣ የፈረስ ጌታ ለገዛ ፈረሱ መራራ አያጠጣም። ነውር ነው። ፈረስ ቂም አይረሳም ይላሉ፤ ገብስ ባበላህበት እጅ አፉን ፈልቅቀህ መድኃኒት ካንቆረቆርክበት፣ ሌላ ቀን ጋማውን ይዘህ ልትወጣበት ስትል ያንን እጅ ያስታውሰዋል። ስለዚህ መራራውን የሚያጠጣው ሌላ ሰው ነው። ያም ሰው ከመንገድ የተጠራ አይሆንም፤ የልብ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አበልጅ ነው። ጌታው መጫኛውን ያስረክብና፣ ፈረሱ እንዳያየው ከአጥር ውጭ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። አበልጁ ጠርሙሱን አስጨርሶ "በቃ!" ብሎ ሲጣራ፣ ጌታው በእፍኙ ገብስ ይዞ ምንም እንደማያውቅ ሰው ይገባል። ፈረሱን መሸንገል ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ማንንም አይጎዳም ያልነው እንግዲህ ጠርሙሱን የያዘው ሰው፣ ሰው ሆኖ ከተገኘ ነው።

ባንተአምላክ ዳማ የሚባል ፈረስ ጌታ ነው። ቢሆነኝ ደግሞ ጉራቻ የሚባል ጥቁር ፈረስ አለው። ቢሆነኝ የባንተአምላክን ልጅ አንዷለምን ክርስትና ካነሳ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች "አንቱ" ይባባላሉ። መሬታቸው ይዋሰናል፤ አንዱ ሲታመም የሌላው በሬ ያርስለታል። በየዓመቱ ሰኔ መግቢያና ጥቅምት ላይ ቡሬ ይወርዱና ከይርሳው የከብት መድኃኒት መደብር የትል መድኃኒት ይገዛሉ። ባንተአምላክ ለጉራቻ ያጠጣል፣ ቢሆነኝ ለዳማ። ፈረሱ ቢለዋወጥም ልማዱ አልተለወጠም።

ዳማ የዋዛ ፈረስ አልነበረም። ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ታቦት ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ሽምጥ ይጋለባል፤ ዳማ ሦስት ዓመት አከታትሎ የቀደመው ሳይኖር ገብቷል። ሰው ባንተአምላክን በስሙ መጥራት ትቶ "አባ ዳማ" ይለው ነበር። ቢሆነኝም እንደ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ የዳማን አንገት ይስማል፣ ጉራቻን እየጎተተ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቢሆነኝን "አባ ጉራቻ" ያለው ሰው ግን የለም። ባለፈው ጥር ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጉራቻ ቀደመ፣ ዳማ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ከኋላ ከሚንጋጉት ጋር ገባ። ባንተአምላክ አበልጁን አቅፎ ሳመው። ደስታው የእውነት ነበር፤ ሞኝ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዳማ እየከሳ ሄደ። ክሳቱ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነበር፣ ይበላላ! ገብሱን ጠርጎ ገለባውን ይደግማል። ጎድኑ እየተቆጠረ ሆዱ ግን እንደ ርጉዝ ባዝራ ተነፋ። ክረምት ሲወጣ የሌላው ፈረስ ጠጉር ተገፎ አዲስ ሲያበራ፣ የሱ እንደ አሮጌ ደበሎ ደርቆ ቀረ። ዳሌውን ከደጁ ግራር ግንድ ጋር እያሸ የጭራውን ሥር መላጣ አደረገው። ከንፈሩን ገልበጥ ሲያደርጉት ድዱ ነጭ ነው። አንዳንድ ቀን ሆዱን ይቆርጠውና ይተኛል፣ ይነሳል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል፤ እዚያ ያለውን ጠላቴን ማን በነገረኝ የሚል ይመስላል።

"ትል ይሆን እንዴ?" አለች ሚስቱ ንግሥቴ አንድ ቀን።

"ትልማ ከካቻምና ሰኔ ወዲህ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠጥቷል!" አላት። "ያውም በአበልጅ እጅ።"

በዚህች መልስ በሩ ተዘጋ። ትል ካልሆነ ዓይን ነው ተባለ፤ ጠበል ተረጨ። ዓይን ካልሆነ ብርድ ነው ተባለ፤ በትኩስ አመድ ታሸ። የጎረቤት አዋቂ የማያውቀው በሽታ የለም፤ የሚያድነው ግን የለም። ዳማ ግን ከቀን ወደ ቀን ወደ ታች ነው።

ቢሆነኝ በየቀኑ እየመጣ ያይ ነበር። ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጣል። ጥቅምት ገብቶ የመድኃኒቱ ወራት ሲደርስ፣ "እንዲህ ደክሞ መራራ አይችልም፣ አበልጅ፤ እንገድለዋለን። ለጉራቻም ቢሆን አብረን እናቆየው" አለ። ባንተአምላክ አመሰገነው። አንድ ማታ ደግሞ አጥሩን ተደግፎ እንዲህ አለው፦

"እኔን ካሉኝ የዚህ ፈረስ ቀኑ አልቋል። ደጅዎ ላይ ሞቶ ከሚያሳዝንዎ፣ ወደ ገደሉ ይዘው ይውረዱና ለጅብ ይልቀቁት።"

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያ አገር ፈረስ አይታረድም፣ በጥይትም አይገደልም፤ ተስፋ ሲቆረጥበት ገደል አፋፍ ተወስዶ ይለቀቃል፣ ቀሪው የጅብ ነው። ባንተአምላክ ወደ ዳማ እያየ፣ "ኅዳር ጽዮን ትለፍ" አለ። "እስከዚያ ካልተሻለው እለቀዋለሁ።"

ቀን የተቆረጠለት ፈረስ ጌታ እንቅልፍ የለውም። አንዷለም ከባሕር ዳር ሲደውል አባቱ ድምፁ ተሰብሮ አገኘው።

"ምን ሁነዋል፣ አባቴ?"

ነገረው።

"ታዲያ ሰው ሲታመም ሰገራውን ያስመረምር የለ? የዳማንም ፋንድያ ያስመርምሩት። ፍኖተ ሰላም ያምሮት የምትባል የከብት ሐኪም አለች፣ ማይክሮስኮፕም አላት ብለውኛል።"

ባንተአምላክ ይህን ለቢሆነኝ ሲነግረው ቢሆነኝ ሳቀ። ሳቁ ረዘም አለ።

"ፋንድያ ቋጥረው መኪና ሊሳፈሩ? አባ ዳማ ፋንድያ ይዞ ፍኖተ ሰላም ወረደ ሲባል! ኧረ ሰው አያስቁብን።" ሳቁን ሲጨርስ ደግሞ፣ ሴት ልጁ መራዊ አጠገብ ቆጋ የመስኖ ሽንኩርት እየተከለች ስለሆነ ሊያግዛት እንደሚሄድ፣ ሦስት ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ነገረው። በማግስቱ ሄደ።

ባንተአምላክ ከጋጡ ውስጥ ደህና ደህና ያለውን ፋንድያ መርጦ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ መንገድ ክፍት የሆነ ቀን ጠብቆ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። ያምሮት ቀጠን ያለች፣ ነጭ ጋውኗ ላይ የዮድ ጠብታ የደረቀበት ወጣት ናት። ከረጢቱን ከፍታ አየችና ሳቋን ዋጠችው።

"አባቴ፣ ይኸ መቼ የጣለው ነው?"

"ትናንትም አለበት፣ ከትናንት ወዲያም አለበት። እንዳያንስሽ ብዬ ነው።"

"የሚያስፈልገኝ አንድ እፍኝ ናት፣ ግን ትኩስ። መሬት ላይ ካደረ የሌላም ትል ይገባበታል፤ የራሱም እንቁላል ሙቀት ሲያገኘው ይፈለፈላል፣ ቁጥሩ ይዋሸኛል። ገና ሲጥል መሬት ካልነካው ከላይ ያንሱ። በላስቲክ ያድርጉት፣ አየሩን አስወጥተው ጥብቅ አርገው ይቋጥሩት፣ ፀሐይ አያሳዩት፣ በዚያው ቀን ያድርሱልኝ።"

"እኔኮ ፈልቅቄ አይቻለሁ፤ ትል የሚባል የለበትም።"

"አይታይም፣ አባቴ። ትሉ እሆዱ ውስጥ ነው የሚኖረው። ወደ ውጭ የሚልከው እንቁላሉን ነው፤ እንቁላሉ ደግሞ ለዓይን አይገባም።"

ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር ሦስት ጎህ ሲቀድ፣ የአስተርዮ ሜዳ ባለዝና እጁ ላይ ላስቲክ አጥልቆ ከፈረሱ ጭራ ኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዳማ እንደ ልማዱ አልቸኮለም። ንግሥቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና "ኧረ ምነው ይህን ባላየሁ" ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ለማን እንደተናገረች እሷም አታውቅ። ሲሳካለት ቋጥሮ በጋቢው ሥር ሸሸገውና ወደ መንገዱ ሮጠ። ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገቡ የተቀመጠች ሴት እስከ ማንኩሳ ድረስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ሄደች። እሱም መስኮት መስኮት እያየ፣ የሸተተው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ አብሯት ፊቱን አኮሳተረ።

ያምሮት ከፋንድያው ቆንጥራ መዘነች። ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውሃ በጠበጠችው፣ በሻይ ማጥለያ አጠለለችው፣ መስመር ባላት ትንሽ ብርጭቆ ላይ አንጠባጠበችና ጠበቀች። "እንቁላሉ ቀላል ነው፤ ጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል" አለችው። ጎንበስ ብላ እየቆጠረች በእጇ የያዘችውን መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ባንተአምላክ ሲቆጠር ይሰማል፤ ቀጭታው አላልቅ አለ።

"ይምጡ ይዩ።"

ዓይኑን አስጠጋ። በብርሃን መሃል ሞላላ ሞላላ ነገሮች፣ ውስጣቸው ጥራጥሬ የታጨቀባቸው፣ እዚህም እዚያም ተኝተዋል። ብዙ ናቸው። ሰውነቱን ወረረው።

"ይኸ ሁሉ ከዳማ ሆድ?"

"አንድ ባቄላ በምታህል ፋንድያ ውስጥ ሁለት ሺ አንድ መቶ ነው። ሆዱ የተነፋው፣ ድዱ የነጣው፣ የሚቆርጠው፣ ሁሉም በዚህ ነው። ትል የበላው ፈረስ ነው፣ አባቴ። በሽታው ይታከማል።"

"ሦስት ጊዜ ጠጥቷልኮ!"

ያምሮት መነጽሯን አወለቀች። "እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ መድኃኒቱ የተበላሸ ነው። ወይ ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል። ወይ ደግሞ…"

"ወይ ደግሞ ምን?"

"ወይ ደግሞ አልጠጣም።"

ባንተአምላክ ከወንበሩ ተነሳ። "ስሚ ልጄ፣ ያጠጣው አበልጄ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። ይኸን ነገር ሁለተኛ እንዳትደግሚው።"

"እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ክፉ አላልኩም" አለች በዝግታ። "የምናጣራበት መንገድ አለ። ያንኑ መድኃኒት ከዚያው መደብር ይግዙ። ደረቱን በዚህ ሜትር ይለኩና የሚበቃውን ያህል ይስጡት። ሲጠጣ በዓይንዎ ይዩ። በአሥራ አራተኛው ቀን ትኩሱን ያምጡልኝ፣ እንደገና እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ካልወረደ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው።"

ከወረደስ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

የመድኃኒቱ ነው! በቃ፣ ባንተአምላክ አገኘው። ቡሬ እንደወረደ በቀጥታ ይርሳው መደብር ገባና በገበያተኛ ፊት ጮኸበት። "ኖራ ነው የምትሸጥልን! ሌባ! ፈረሴን ገደልክብኝ!" ይርሳው ጩኸቱ ሲበርድ ከመደርደሪያው ካርቶን አወረደ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ለቆሙት ሰዎች አስነበበ፣ ከውስጡም አንዱን የእንክብል እሽግ አውጥቶ ሰጠው። "ይኸው ያው ነው፣ አባቴ። ይውሰዱና ይሞክሩት። ካላዳነው ሱቄን ራሴ እዘጋለሁ።"

አሁን ማን ያጠጣ? ቢሆነኝ ቆጋ ነው። ኅዳር ጽዮን ደግሞ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷታል። ባንተአምላክ ጎረቤት ሊጠራ አሰበ፤ ነገር ግን "በዓይንዎ ይዩ" ያለችው ነገር ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ኅዳር አምስት ጧት ንግሥቴ መጫኛውን ያዘች፤ እሱ እንክብሉን ወቅጦ በውሃ በጥብጦ፣ አንገተ ረጅሙን ጠርሙስ ይዞ ተጠጋ። የዳማን አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ ፈለቀቀ። ዳማ መጀመሪያ ገብስ መስሎት ከንፈሩን ዘርግቶ ነበር። ከዚያ መራራው ጉሮሮው ሲደርስ ዓይኑ ተበለጠጠ፣ ራሱን ሊነጥቅ ታገለ። ባንተአምላክ "አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ" እያለ እስከ ጠብታው አስጨረሰው። በማግስቱ ገብስ በእፍኙ ይዞ ሲገባ ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ፊቱን አዞረበት። ያንኑ ገብስ ንግሥቴ ስትሰጠው በላ። ፈረስ ቂም አይረሳም ያሉት ሽማግሌዎች እውነት ነበራቸው።

በሦስተኛው ቀን ፋንድያው ውስጥ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ታየ፤ ሞቶ የወጣ ትል ነው። በሰባተኛው ቀን ዳማ ግንዱን ማሸት ተወ። በአሥረኛው፣ በመንገድ ሌላ ፈረስ ሲያልፍ ሰምቶ ቀና አለና አሽካካ፤ ንግሥቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በአሥራ አራተኛው ቀን ባንተአምላክ እንደገና ከጭራው ኋላ ቆመ፣ እንደገና ሚኒባስ ተሳፈረ።

ያምሮት ስትቆጥር መቁጠሪያዋ አንዴ ቀጭ አለች። ሁለተኛ አልጮኸችም። ባንተአምላክ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

"አንዲት አገኘሁ" አለች ፊቷ በርቶ። "በሒሳባችን አንዲቷ እንደ ሃምሳ ትቆጠራለች። ከሁለት ሺ አንድ መቶ ወደ ሃምሳ! መድኃኒቱ ፍቱን ነው፣ ትሉም አልለመደውም። ዳማ ድኗል፣ አባቴ!"

ባንተአምላክ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ያምሮት ከዚያ ወዲያ የምትናገረውን አልሰማም። መድኃኒቱ ደህና ከነበረ፣ ትሉም ካልለመደው፣ ሦስተኛው ብቻ ነው የቀረው። አንድ ዓመት ተኩል። ሦስት ጠርሙስ። ሦስት ጊዜ ከአጥር ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ሦስት ጊዜ "በቃ!" ተብሎ ተጠርቷል። ያምሮት ሁኔታውን አይታ ደስታዋን ሰበሰበችና ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ይላል ተረቱ። ባንተአምላክ በሚኒባሱ ውስጥ ይህ ተረት ትዝ ሲለው ተናደደ። ፈረሱ ማንን ጣለ? ፈረሱማ ቆሞ እየተበላ ነበር። ሰው የሠራውን ሁሉ በፈረስ ስም መተረት ልማዳችን ነው።

ቡሬ ወርዶ ይርሳውን ፍለጋ ሄደ። መደብሩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ትከሻው ላይ አደረገ። ይርሳው ዘሎ ወጥቶ ድንጋዩን አወረደለት። "ኧረ ተዉ አባቴ! እኔ በምን አቅሜ… ግን ያ ሁሉ መድኃኒት የት ገባ? ማን ነበር የሚያጠጣው?"

ለባንተአምላክ የአበልጅን ነውር በገበያ መሃል ማውጣት አልሆነለትም። "የራሴው ጥፋት ነው" አለ። ይህን ሲል ቢሆነኝን ጠላው፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ አሁን ደግሞ ያዋሸዋል። ለጉራቻም የሚሆነውን መድኃኒት ገዝቶ ወጣ፤ ተራው የሱ ነውና።

በማግስቱ ቢሆነኝ ከቆጋ ተመለሰ ሲባል ሰማ። በጥብጦ የሞላውን ጠርሙስ ይዞ ሄደ። ቢሆነኝ ከሩቅ አይቶት እጁን ዘርግቶ ወጣ።

"አበልጅ! እንደምን ከረሙ! ሽንኩርት ይዤልዎታለሁ፣ ግማሽ ኩንታል። ያ ምስኪን እንዴት ሆነ? ለቀቁት?"

ባንተአምላክ ወረቀቱን አወጣ። ስለ ጨው ውሃው፣ ስለ ሁለቱ ቁጥር፣ ስለ አሥራ አራቱ ቀን አንድ በአንድ ነገረው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢሆነኝ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ፤ ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም ለረዥም ጊዜ አየው። ዘርግቶት የነበረው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

"አላጠጣኸውም" አለ ባንተአምላክ። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ "አንተ" ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቢሆነኝ የአጥሩን ማገር ይዞ ቆመ። "የካቻምናው ሰኔ ተደፋብኝ" አለ። "ራሱን ሲነጥቅ ጠርሙሱ ከእጄ ወጣ፤ መሬት ጠጣው። አንድ ጠርሙስ ማጠጣት አቃተው እንዳልባል አፈርኩና 'በቃ' አልኩ። ማርያምን፣ የሰኔው ተደፍቶብኝ ነው።"

"የጥቅምቱስ?"

"የጥቅምቱ አልተደፋም" አለ ቢሆነኝ። "ደፋሁት። ዳማ ከሰኔ ወዲህ ቀዝቀዝ ማለቱን አይቼ ነበር። አንድ ጥር እንኳ ጉራቻ ይቅደም ብዬ ነው። አንድ ጥር ብቻ።"

"ቀደመልህ። እኔም ሳምኩህ። ያለፈው ሰኔስ?"

ቢሆነኝ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት።

"ደስ አለኝ" አለ በመጨረሻ። "አንቱን ሰው አባ ዳማ ሲል ሲል ኖሮ፣ ፈረስዎ እንደዚያ ሆኖ ሳየው… ደስ አለኝ፣ አበልጅ። ለጅብ ይልቀቁት ያልኩዎ እንዳላየው ብዬ ነው። እያየሁት መክረም አቃተኝ።"

ባንተአምላክ ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የመጣው ስድብ ነበረው። አሁን ከየት ይጀምረው? ጠርሙሱን ብቻ ከፍ አድርጎ አሳየው። "ጉራቻን አምጣ። የጥቅምቱ አልፎበታል።"

ቢሆነኝ ደነገጠ። ጠርሙሱን አየ፣ የባንተአምላክን ፊት አየ፣ እንደገና ጠርሙሱን አየ። ከዚያ ገብቶ ጉራቻን እየሳበ አወጣና መጫኛውን አስረከበ። እንደ ወጉ ፊቱን አዙሮ ወደ አጥሩ በር ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞረ። የባንተአምላክን እጅ እያየ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ውጣ እንጂ" አለው ባንተአምላክ።

"ዛሬስ… ዛሬ ልቁም።"

ባንተአምላክ ምን እንዳለው ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ሰውየው ፈርቶታል። ይመርዝብኛል፣ ወይም እንዳደረግኩት ያደርገኛል ብሎ እጁን እየጠበቀ ነው። ደም ወደ ፊቱ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ጠብታ ያላጎደለ እጅ! ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ ሊሰብረው ቃጣው። አልሰበረውም፤ ጉራቻ ምን አደረገ? ያንገቱን ሥር እያሻሸ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መጨረሻው አጠጣው። ጠርሙሱን ገልብጦ ባዶ መሆኑን ለቢሆነኝ አሳየውና መጫኛውን ወረወረለት። ሽንኩርቱን ሳይነካ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኅዳር ጽዮን አለፈች፤ ዳማ ገደል አልወረደም። ባንተአምላክ ነገሩን ለማንም አልተናገረም። ለንግሥቴ እንኳ "ቢሆነኝ ተሳስቶ ነው" ብሎ አለፈው፤ እሷም እንዳመነችው አስመሰለች። ሆድ ይፍጀው አለ፣ ሆዱም ይፈጀው ጀመር። አበልጅነት እንደ ጋብቻ አይፈታ፣ እንደ መሬት አይካፈሉት። ከርሞ ቁጣው ሲበርድ፣ በሽማግሌም ሆነ በንስሐ አባት ፊት፣ ምናልባት ይቅር እለው ይሆናል ብሎ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ያን ጠርሙስ እስከ መጨረሻው ማጠጣቱ ቢሆነኝን ልቡን የሚሰብረው መስሎት፣ በዚህች ተስፋ አደረ።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ከያምሮት ስልክ ተደወለ።

"እንደምን ሰነበቱ አባቴ? ዳማ ደህና ነው? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ከናንተ ቀበሌ አንድ ሰው ፋንድያ ቋጥረው መጥተው ነበር፣ ዛሬ ጧት። የጥቁር ፈረስ ነው አሉኝ። መድኃኒት ከጠጣ አሥራ አራተኛ ቀኑ ነው፣ መጠጣቱን አረጋግጭልኝ አሉኝ። ትኩሱን ነው ያመጡ፣ በደንብ ቋጥረው። እርስዎ አስተምረዋቸው ነው?"

ባንተአምላክ ግራሩን ተደገፈ።

"ስንት ወጣ?" አለ።

"ምንም። አንድም እንቁላል የለ። ንጹሕ ነው። ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ" አለና ስልኩን ዘጋው። ዳማ ያን ሁሉ ወር ሲመነምን ዓይኑ ያልረጠበው ሰውዬ፣ ቢሆነኝ ደስ አለኝ ሲለውም ያላለቀሰው፣ አሁን ግንዱ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።